ከእሳት በፊት የተቀመጠ ውሃ

አበው ሲያስተምሩ፥ ሰው ከአራቱ ባሕርያት ማለት ከመሬት፣ ከውሃ፣ ከነፋስና ከእሳት ተፈጠረ ይላሉ። አራቱ ተስማምተው ሲኖሩ ሕይወት ይጸናል፤ አንዱ ከልኩ ሲያልፍ ግን ጥፋት ይከተላል። ስለ ሰውነት የተነገረው ይህ ቃል ስለ መኖሪያ ቤትም ቢነገር ከእውነት የራቀ አይሆንም። ነፋስና እሳት ተባብረው በሚነሡበት አገር፥ ቤት የሚጠበቀው በመሬቱ ጽዳትና በውሃው ዝግጅት ነውና።

«ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለውን ተረት ሁላችንም ከልጅነታችን ጀምሮ እናውቀዋለን። ዛሬ ለአንባቢ ለማቅረብ ያሰብነው ግን ተረቱን ሳይሆን ሥራውን ነው። ይኸውም ሰደድ እሳት በሚያሰጋው ስፍራ የሚኖር ቤተ ሰብ ውሃውን አስቀድሞ እንዴት ሊያዘጋጅ እንደሚገባው፥ ካዘጋጀም በኋላ እስከ ምን ድረስ ሊታመንበት እንደሚችል ነው።

እኛ የምንኖረው በአሜሪካ፥ በካሊፎርኒያ ግዛት፥ ከሎስ አንጀለስ ከተማ በስተሰሜን በሳን ጋብርኤል ተራሮች ግርጌ ነው። በዚህ አገር ዝናብ የሚዘንበው አብዛኛውን ጊዜ ከኅዳር እስከ መጋቢት ባለው ወራት ሲሆን፥ ከዚያ በኋላ ሰማዩ ተዘግቶ ይከርማል፤ የኮረብታው ቁጥቋጦም እንደ ጭራሮ ይደርቃል። ከመስከረም ወዲህ ደግሞ «ሳንታ አና» የሚባለው ደረቅ ነፋስ ከበረሃው ተነሥቶ ተራራውን እየወረደ ወደ ባሕሩ ይነፍሳል። ዝናቡ የዘገየ እንደ ሆነ ደረቁ ቁጥቋጦና ብርቱው ነፋስ ይገናኛሉ፤ ከዚያ በኋላ የሚጎድለው አንዲት የእሳት ፍንጣሪ ብቻ ናት።

በ2017 ዓ.ም. የሆነው ይኸው ነው። ታኅሣሥ 29 ቀን፥ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ጃንዋሪ 7 ቀን 2025፥ የገና ዕለት ነበር። በዚህ የምንኖር ኢትዮጵያውያን ሌሊቱን በቅዳሴ አሳልፈን ጾም ፈትተን በየቤታችን ሳለን፥ ረፋዱ ላይ በምዕራብ በኩል ፓሊሴድስ በሚባለው ሰፈር እሳት ተነሣ። ማታ ደግሞ ከእኛ በማይርቀው በኢተን ሸለቆ ሌላ እሳት ተነሥቶ አልታዲና የሚባለውን ሰፈር ያዘው። ሁለቱ እሳቶች ከ16,000 የሚበልጡ ቤቶችና ሕንፃዎች አጠፉ፤ ከ30 የማያንሱ ሰዎችም ሞቱ። በአልታዲና ከሞቱት ብዙዎቹ አረጋውያን ነበሩ። እኛ የ82 ዓመት እናታችንን በመኪና አሳፍረን ገና በጊዜ ወጣን፤ ቤታችንም ተረፈ። የአንድ ወዳጃችን ቤት ግን የጭስ መውጫው ብቻ ቆሞ ቀረ።

ይህ ወዳጃችን እንደ ነገረን፥ የአትክልት ማጠጫውን ጎማ ይዞ ጣራውን ሲያርስ ውሃው በመጀመሪያ ቀጠነ፥ ቀጥሎም አንጠባጠበ፥ በመጨረሻም ቆመ። ነገሩ የእርሱ ቤት ብቻ አልነበረም። በፓሊሴድስ ለኮረብታው ሰፈር ውሃ የሚያድሉት 3 ማጠራቀሚያዎች እያንዳንዳቸው 3,800,000 ሊትር ያህል የሚይዙ ሲሆኑ፥ ሦስተኛው በዚያው ሌሊት 9 ሰዓት ላይ አልቆ ሁሉም ባዶ ሆኑ። በዚያ በኩል ሕዝቡና የእሳት አደጋ ሠራተኞች ለ15 ሰዓታት ያህል ከወትሮው 4 እጥፍ የሚሆን ውሃ ስበው ነበር። የከተማ ቧንቧ የሚሠራው ጥቂት ቤቶች ሲቃጠሉ እንዲደርስ እንጂ ሰፈር በሙሉ ሲነድ እንዲበቃ አይደለም። ከዚህም በላይ የተቃጠለው ቤት ሁሉ ቧንቧው ተሰብሮ ውሃውን በከንቱ ያፈስሳል፤ በብርቱ ነፋስ ጊዜም ከላይ ውሃ የሚረጩት አውሮፕላኖች መብረር አይችሉም።

ስለዚህ በቤታችን የራሳችንን ውሃ ለማኖር ቆረጥን። በዚህ ትምህርት ቀድመውን የሄዱት አውስትራሊያውያን ናቸው። የቪክቶሪያ ግዛት የገጠር እሳት መከላከያ ባለ ሥልጣን፥ ቤቱን ከእሳት ለመከላከል ያሰበ ሰው ቢያንስ 10,000 ሊትር ከከተማ ቧንቧ ያልተያያዘ ውሃ እንዲኖረው ይመክራል። ቁጥሩ በመጀመሪያ ሲሰሙት ብዙ ይመስላል። ነገር ግን አንድ የውሃ ጎማ በደቂቃ 20 ሊትር ቢያፈስ በሰዓት 1,200 ሊትር ይጨርሳል፤ 10,000 ሊትሩም 8 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ብቻ ይቆያል። ሁለተኛ ጎማ የተከፈተ እንደ ሆነ ጊዜው በግማሽ ይቀንሳል። ይህን ሒሳብ ከልጆቻችን ጋር በወረቀት ላይ ከሠራን ወዲህ፥ ውሃ በቤታችን እንደ ገንዘብ ተቆጥሮ የሚወጣ ሆነ።

ታንከሩን ከብረት አደረግነው፤ ፕላስቲክ በእሳት ወላፈን ይቀልጣልና። ከመሬት በላይ የሚታየውም ቧንቧ ስለዚሁ ምክንያት ብረት ነው። ውሃውን የምናገኘው አሸንዳው ከጣራ ከሚያወርደው ዝናብ ሲሆን፥ የጎደለውን ዝናቡ ሲያበቃ ከቧንቧ እንሞላለን። በነፋስ ጊዜ መብራት ስለሚጠፋ፥ አንዳንዴም መሥመሩ እሳት እንዳያስነሣ ሆን ተብሎ ስለሚቋረጥ፥ ፓምፑ በቤንዚን የሚሠራ ነው። እርሱንም ከወላፈን በግንብ ጋርደን በየወሩ እናስነሣዋለን፤ የቆየ ቤንዚን ይበላሻልና፥ በሰላም ቀን ያልተፈተነ ሞተር በጭንቅ ቀን አይታመንም። ጎማው የቤቱን አራት ማዕዘን የሚያዳርስ ነው። በታንከሩ ላይም የእሳት አደጋ ሠራተኞች ውሃ የሚስቡበትን መግጠሚያ አኑረን፥ ከመንገድ የሚታይ ምልክት ሰቀልን።

ይሁን እንጂ ውሃ ብቻውን ቤት አያድንም። ብዙውን ቤት የሚያቃጥለው ፊት ለፊት የሚመጣው ነበልባል ሳይሆን ከአንድ ኪሎ ሜትር ርቀት እንኳ በነፋስ እየበረረ የሚመጣው ፍም ነው። ፍሙ በአሸንዳ ውስጥ የተከማቸ ቅጠል፥ ከግድግዳ የተጠጋ እንጨት፥ ወይም ወደ ጣራው ውስጥ የሚያስገባ ቀዳዳ ይፈልጋል። ስለዚህ በቤቱ ዙሪያ 1 ሜትር ተኩል ያህል የሚነድ ነገር እንዳይኖር አደረግን፤ የአየር መግቢያውንም በደቃቅ የብረት ወንፊት ሸፈንነው። ከተማው ያለ ውሃ በቀረበት ሌሊት ጎማውን ሳይዘጋ ትቶ የሚሸሽ ሰውም እንዳለ አስተውለናል። እርሱ ቤቱን ያዳነ ይመስለዋል፤ ነገር ግን ከጎረቤቱና ከእሳት አደጋው ሠራተኛ የቧንቧውን ኀይል መውሰዱ ነው።

ሥራው ሁሉ ከተፈጸመ በኋላ ያልጠበቅነው ክርክር በቤታችን ተነሣ። እናታችን የተወለዱት በመንዝ ነው፤ በእርሳቸው ቤት እንስራው ሳይሞላ አይታደርም ነበር። ታንከሩን ዞረው ካዩ በኋላ፥ «ይህን ሁሉ ውሃ አጠራቅማችሁ ቤቱን ለእሳት ትታችሁ ልትሄዱ ነው? እኔ በልጅነቴ የጎረቤት ጎጆ ሲቃጠል እንስራ ተሸክሜ ሮጫለሁ፤ ከመንደሩ አንድም ሰው አልሸሸም» አሉን። ነገራቸው ቀላል አልነበረም፤ ሰው በእጁ ያለውን ውሃ ትቶ መሄዱ በእውነት እንደ ክሕደት ይቈጠራል።

እኛም እንዲህ ስንል መለስን፦ «እማዬ፥ በዚያ የሚቃጠለው አንድ ጎጆ፥ የሚያጠፋው ግን መንደሩ ሁሉ ነበር። በዚህ የሚቃጠለው መንደሩ ሁሉ ነው፤ የሚያጠፋው ደግሞ አንድ ቤተ ሰብ ነው።» እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 7 ቀን 2009 በቪክቶሪያ በተነሣው እሳት ከሞቱት 173 ሰዎች ከግማሽ የሚበልጡት በቤቶች ውስጥ እንደ ሞቱም ነገርናቸው። ከዚያ ወዲህ በዚያ አገር እጅግ አደገኛ በሆነ ቀን የሚሰጠው ምክር፥ ቤቱ ምንም ቢዘጋጅ አስቀድሞ መውጣት ነው።

እናታችን ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና፥ «እንግዲያው ውሃው ለማን ነው?» ሲሉ ጠየቁ። ጥያቄው ተገቢ ነበር። ውሃው ከመውጣታችን በፊት ባልዲዎቹን ሞልቶ በቤቱ ዙሪያ ለማኖር ነው፤ እኛ በሌለንበት ለሚደርሱት የእሳት አደጋ ሠራተኞች ነው፤ ስንመለስም ተዳፍኖ የቆየውን ፍም ለማጥፋት ነው፤ ብዙ ቤት የሚነደው ነበልባሉ ካለፈ ከሰዓታት በኋላ ነውና። መንገዱ ተዘግቶ መውጫ የጠፋ እንደ ሆነም የመጨረሻ መከላከያ ይሆናል። እናታችን ይህን ሰምተው አንድ ነገር ብቻ አዘዙን፤ ለመሄድ ስንነሣ ጎረቤታችን የሆኑትን ብቸኛ ሽማግሌ ሳንይዝ እንዳንወጣ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በመኪናችን የእርሳቸውም ስፍራ ተቈጥሯል።

ይህን የምንጽፈው ሩቅ አገር ስለ ሆነ ነገር ብቻ አይደለም። በ1 ካሬ ሜትር ጣራ ላይ የሚወርድ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ 1 ሊትር ውሃ ነው፤ ስለዚህ 100 ካሬ ሜትር ቆርቆሮ በ100 ሚሊ ሜትር ዝናብ፥ በመንገድ የሚባክነው ሳይቈጠር፥ 10,000 ሊትር ይሰጣል። መምህሩ የትምህርት ቤቱን ጣራ ከተማሪዎቹ ጋር ቢለካ፥ ሹሙም የመሥሪያ ቤቱን ቢያስለካ፥ በየክረምቱ በአሸንዳ ወርዶ የሚጠፋው ውሃ ምን ያህል እንደ ሆነ ያገኙታል። የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም፤ ሳይፈስ የተያዘው ግን በበጋው ቀን ይገኛል።