50 ብሩ የት ገባ?



የረመዳን ኢፍጣር መዋጮ በኮምፒውተር ይመዝገብ ብለን በሲ ቋንቋ ፕሮግራም የጻፍነው እኛ ነን። ገንዘቡን የሚቀበለውም፣ በፕሮግራሙ የሚያስገባውም አንድ ወንድማችን ነበር። ዝርዝሩ ሲወጣ አሕመድ፣ ዑመር፣ ኸዲጃ ልክ ናቸው። 50 ብር የከፈሉት ሙሐመዶች ግን ሁሉም ዜሮ! 300 የሰጠው ሙሐመድ ደግሞ 256 ተጽፎለታል።

ወንድማችን «በትክክል አስገብቻለሁ» አለ። በአፋችን ባንናገረውም ጠረጠርነው። ሁለት ቀን ሰላምታችን ሳይቀር ቀዘቀዘ። የራሳችንን ፕሮግራም ለመጠርጠር ያን ያህል ጊዜ ፈጀብን።

በሦስተኛው ቀን ማታ ጂዲቢን ከፈትን። ጂዲቢ ፕሮግራምን መሐል ላይ አስቁሞ ውስጡን የሚያሳይ ዲበገር ነው። ሜሞሪን የምታሳየው ትእዛዝ አንድ ፊደል ናት፦ ኤክስ። ከእሷ ቀጥሎ እዝባር ተደርጎ ስንት፣ በምን መልክ፣ በምን መጠን እንደሚታይ ይጻፋል። እኛ 12 ባይት፣ በለመድነው ቁጥር፣ አንድ በአንድ አሳየን አልነው።

ሁለት ረድፍ መጣ፤ ላይኛው የስሙ 8 ባይት፣ ታችኛው የብሩ 4 ባይት። ታችኛው 50፣ 0፣ 0፣ 0 ይላል። ወንድማችን ያስገባው ብር ይኸው አለ! ስሙን የሚገለብጠውን መስመር አስኬድንና ትእዛዙን ደገምን። ላይኛው ረድፍ 77፣ 117፣ 104፣ 97፣ 109፣ 109፣ 97፣ 100 ሆነ፤ በእንግሊዝኛ ፊደል ሙሐመድ ማለት ነው፣ ልክ 8 ፊደል። ከሥሩ የነበረው 50 ዜሮ ሆኗል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሲ ከስም መጨረሻ «እዚህ አለቀ» የምትል አንድ ዜሮ ይጨምራል። እኛ ለስም 8 ቦታ ብቻ ስለሰጠን ዘጠነኛዋ ዜሮ ጎረቤት ገብታ ብሩ ላይ ተቀመጠች። 300 በሜሞሪ ውስጥ 44 እና 1 ሆኖ ይቀመጣል፤ 44ቱ ሲጠፋ የቀረው 1 ዋጋው 256 ነው። ዘጠኝ ፊደል ያለውን ዐብዱልዐዚዝን ስንሞክር ደግሞ 50 ብሩ 122 ሆነ፤ 122 የስሙ መጨረሻ የሆነችው የዜድ ቁጥር ናት። የጎደለበት ሁሉ ሲጮህ፣ የተረፈለት ዐብዱልዐዚዝ ግን ዝም ብሎ ነበር።

የስሙን ቦታ 32 አደረግነው፤ ከቦታው የሚያልፍ ስም እንዳይገለበጥም ከለከልን። ከሱብሒ በኋላ ወንድማችንን ይዘን «አውፍ በለን» አልነው። እሱ የጠየቀን አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ «የዚያ የሙሐመድ 44 ብርስ ተስተካከለች?»