በአቢንግደን ከተማ፤ ያረጀ ሞተር እንዴት ይታደሳል?

አንባቢ ሆይ፤ ከለንደን በባቡር ተሳፍረህ ወደ ኦክስፎርድ ብትሄድ፥ የዩኒቨርሲቲውን ጥንታዊ ሕንፃዎች ለማየት የሚጎርፈው እንግዳ ሁሉ እዚያው ሲወርድ ታያለህ። አንተ ግን ጥቂት ትዕግሥት ካለህ አውቶቡስ ያዝና ወደ ደቡብ ዐሥር ኪሎ ሜትር ያህል ቀጥል፤ በቴምዝ ወንዝ ዳር የተቀመጠች አቢንግደን የምትባል ትንሽ ከተማ ታገኛለህ። የመንገደኛ ባቡር ከ1963 ጀምሮ ወደ እርስዋ መግባቱን ትቷል። (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፍልህ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

በገበያው አደባባይ በ17ኛው መቶ ዓመት የተሠራ ረጅም የድንጋይ አዳራሽ ቆሟል። ንጉሥ ሲነግሥ ወይም ሌላ ታላቅ የዘውድ በዓል ሲከበር፥ የከተማው ሹማምንት ጣራው ላይ ወጥተው ትንንሽ ዳቦ ወደ ሕዝቡ ይወረውራሉ፤ ከታች የቆመውም እየተጋፋ ይቀልባል። አዳራሹ ዛሬ ሙዚየም ሆኗል። በውስጡም ከጥንት ዕቃዎች ጋር አንድ አውቶሞቢል ተቀምጦ ስታይ አትደነቅ፤ ለዚህች ከተማ አውቶሞቢሉ ከዳቦው የማይተናነስ ታሪክ አለው።

ኤም ጂ የሚባለው የስፖርት አውቶሞቢል ስሙን ያገኘው በኦክስፎርድ ከነበረው ከሞሪስ ጋራዥ ነው። የጋራዡ ሥራ አስኪያጅ ሴሲል ኪምበር ተራውን የሞሪስ መኪና እያሻሻለ ፈጣን መኪና ማውጣት ጀመረ፤ ሥራው ሲሰፋም በ1929 ወደ አቢንግደን መጥቶ በአንድ የቆዳ ፋብሪካ ግቢ ውስጥ ተከለው። በሩ እስከ ተዘጋበት እስከ 1980 ድረስ ከአንድ ሚሊዮን በላይ መኪና ከዚህ ወጥቷል። ከእነዚህ ውስጥ እጅግ የታወቀው ከ1962 እስከ 1980 የተሠራው ኤም ጂ ቢ ነው፤ ቁጥሩም ከግማሽ ሚሊዮን ያልፋል።

አሁን ከአደባባዩ ወጥተን ወደ አንድ መኖሪያ ቤት ጓሮ እንግባ። ባለቤቱ ጎልማሳ የቢሮ ሠራተኛ ነው። አባቱ በፋብሪካው ውስጥ መኪና ሲገጣጥሙ ኖረው፥ በ1967 የተሠራ ቀይ ኤም ጂ ቢ አውርሰውታል። ሞተሩ ዘይት ይበላል፤ ከጭስ ማውጫው ሰማያዊ ጭስ ይወጣል፤ ሲሞቅም የዘይቱ ግፊት ይወድቃል። ስለዚህ ወርዶ በጠረጴዛ ላይ ተዘርግቷል፤ ባለቤቱም ምን ላድርገው እያለ ሲጨነቅ ደረስሁ።

ሞተሩን ቀረብ ብለህ ብታየው ትገረማለህ። አራት ሲሊንደር ያለው፥ 1798 ሲሲ የሚይዝ፥ ሞኖብሎኩም ቴስታታውም ከብረት የተቀለጠ ነው። ዘሩ የስፖርት መኪና ዘር አይደለም፤ ወንድሞቹ ልጆች ወደ ትምህርት ቤት የሚያመላልሱ የቤተሰብ መኪናዎችን ይጎትቱ ነበር። ኮሎው መጀመሪያ በሦስት ብሮንዚና ብቻ ይያዝ ነበር፤ ከ1964 ወዲህ ግን አምስት ስለ ሆነለት ጉልበተኛና ታጋሽ ሆነ።

በባለቤቱ ፊት ሦስት መንገድ አለ። የመጀመሪያው ይህን ሞተር ትቶ ስምንት ሲሊንደር ያለው የሮቨር ሞተር ማስገባት ነው። ይህ ሕልም ብቻ አይደለም፤ ፋብሪካው ራሱ ከ1973 እስከ 1976 እንዲህ ያለ መኪና ሠርቷል። ሞተሩ 3528 ሲሲ ቢሆንም ከአሉሚኒየም ስለ ተሠራ ክብደቱ ከአሮጌው እምብዛም አይበልጥም። ነገር ግን ሞተሩ ሲለወጥ ራዲያተሩ፥ ፍሬኑና የኋላው ዲፈረንሻል ሁሉ እኛንስ ይላሉ። ሁለተኛው ሲሊንደሮቹን አስፍቶ ትልልቅ ፒስተን ማስገባት ነው። ሦስተኛው በእያንዳንዱ ሲሊንደር አዲስ ካሚሻ አስገብቶ ወደ ጥንቱ ልክ መመለስ ነው። እኛ ጋራዥ ውስጥ ካሚሻ የምንለው ቃል ከጣሊያንኛ የተወረሰ ሲሆን ትርጉሙ ሸሚዝ ነው፤ እንግሊዞቹ ደግሞ ያንኑ ዕቃ እጅጌ ይሉታል።

ጎልማሳው ልቡ ወደ ስምንት ሲሊንደሩ አዘንብሎ ነበር። የአባቱ የሥራ ባልደረባ የነበሩ አንድ ሽማግሌ መካኒክ ግን ማይክሮሜትራቸውን ከኪሳቸው አውጥተው፥ «ልጄ፥ መጀመሪያ ለካ፤ ከዚያ በኋላ ተመኝ» አሉት።

እያንዳንዱን ሲሊንደር ከላይ፥ ከመካከልና ከታች ለኩ። ብዙውን ጊዜ የሚበላው የላይኛው ክፍል ነው፤ ፋሻዎቹ ከፍተኛውን ግፊትና ሙቀት ተሸክመው፥ በቀጭን ዘይት ላይ ቆመው የሚመለሱት እዚያ ነውና። የፋብሪካው ልክ 80.26 ሚሊ ሜትር ነው። ይህ ሞተር ከዚህ ቀደም አንድ ሚሊ ሜትር ያህል ሰፍቶ ኖሯል፤ ሦስተኛው ሲሊንደርም ክፉኛ ተጭሯል። ጭረቱን የሚያጠፋው ቀጣዩና የመጨረሻው የተለመደ ልክ ነው፤ እርሱም ከመጀመሪያው አንድ ሚሊ ሜትር ተኩል የሚሰፋ ነው። ያን ጊዜ ሞተሩ ወደ 1868 ሲሲ ያድጋል፤ ጉልበትም ጥቂት ይጨምራል። ከዚያ በኋላ ግን አንድ ጭረት ቢወጣበት የሚሞረድ ብረት አይተርፍለትም።

ቴስታታውም የራሱ ጉዳይ ነበረው። በጥንቱ ቤንዚን ውስጥ የነበረው እርሳስ የባልቦላዎቹን መቀመጫ ከመበላት ይጠብቅ ነበር። በእንግሊዝ አገር ከ2000 መጀመሪያ ጀምሮ እርሳስ ያለው ቤንዚን ለሕዝብ መሸጥ ስለ ተከለከለ፥ በጭስ ማስወጫዎቹ ባልቦላዎች ሥር ጠንካራ ቀለበት ማስገባት ያስፈልጋል። ኮሎው ደግሞ ተሞርዶ ልኩን የጠበቀ ብሮንዚና ይገባለታል። ሦስቱንም መንገድ በወረቀት ላይ ጎን ለጎን ሲጽፉ፥ ስምንት ሲሊንደሩ ከደመወዙ በላይ ሆነ፤ ማስፋቱ ረከሰ፤ ካሚሻው በመካከል ቆመ።

ጎልማሳው ወረቀቱን ይዞ ብዙ ዝም አለ። ገንዘቡ የሚበቃው ወይ ለካሚሻው ወይ ለቀለሙ ነበር፤ ለሁለቱም አይበቃም። በመጨረሻ፥ «ቀለሙ ይቆይ፤ ካሚሻ ይግባለት» አለ። ለምን ብዬ ብጠይቀው በሞኖብሎኩ ላይ ያለችውን ቁጥር በጣቱ እየጠረገ አሳየኝ። «አባቴ ይህን መኪና ሲያወርሰኝ ለአንድ ጊዜ መሞረጃ የሚሆን ብረት ትቶልኛል። እኔ አሁን ብጨርሰው ለልጄ ምን እተውለታለሁ?» አለኝ።

አንባቢ ሆይ፤ ወደ አቢንግደን ብትሄድ ፋብሪካውን አታገኘውም፤ ከዘመናት በፊት ተዘግቷል። ነገር ግን እሑድ ጧት ቀለሙ የደበዘዘ ቀይ መኪና በድልድዩ ላይ ሲያልፍ ብታይ፥ በቀለሙ አትፍረድበት። ቆም ብለህ ድምፁን ስማ።