የጋሼ ምራቅ

አጎቴን ከሕንድ ሲመለሱ ቦሌ ተቀበልኳቸው። የጉሮሮ ካንሰራቸውን በጨረር ታክመው መምጣታቸው ነው። ገና ሳንሳሳም የውኃ ፕላስቲካቸውን ከፈቱ። «ምራቄን እዚያው ትቼው መጣሁ» አሉኝ እየሳቁ። እናቴ የላከችውን ዳቦ ቆሎ አልነኩትም።

አንገት ላይ የሚያርፍ ጨረር የምራቅ ዕጢዎችን ይጎዳል። ምራቅ ደግሞ አፍ ያጥባል፣ አሲድ ያበርዳል። እሱ ሲደርቅ የአፍ ባክቴሪያዎች ሚዛን ይዛባል፤ አሲድ የሚስማማቸው እነ ስትሬፕቶኮከስ ሙታንስና ላክቶባሲለስ ይበዛሉ፤ ጥርስ በወራት ውስጥ ሊበላ ይችላል። ያኔ ማስነቀሉም ጣጣ አለው፤ ጨረር የነካው መንጋጋ ቁስሉ አልድን ሊል ይችላል። የጥርስ ሐኪም መታየት ያለበት ከጨረሩ በፊት ነው።

ይህን ለጋሼ የነገራቸው የለም። ለብዙ ዓመታት አገሪቱ የነበራት የጨረር ማዕከል ጥቁር አንበሳ ብቻ ነበርና ሰው የሚጨነቀው ለወረፋው፣ ካለው ደግሞ ለአውሮፕላን ትኬቱ ነው። ጥርስ ማን ትዝ ይለዋል?

መኪናው ጋ ስንደርስ ፕላስቲኩ ባዶ ነበር።