የሦስታችን ቮልስ

የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ልጆችን እኩል ያወርሳል። ገንዘብ ይቆጠራል፣ ቦታ ይለካል፤ አባባ በ1964 ዓ.ም. የገዛት ቮልስ ግን ለሦስት አትቆረጥም። የወራሽነት ማስረጃው ከፍርድ ቤት ወጥቶ እጃችን ሲገባ ታላቅ እህቴ «ትሸጥና እንካፈል» አለች። ልጆች ታስተምራለች፣ ገንዘቡ ያስፈልጋታል፤ አልተቀየምኳትም። ዋሽንግተን ያለው ወንድማችን በስልክ «እናንተ የተስማማችሁበት ይሁን» አለ። ሊብሬው፣ ቁልፉና ሐሳቡ እኔ ዘንድ ቀሩ።

ዋጋዋን ስንሰማ ደነገጥን። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ አሮጌ መኪና ከውጭ ማስገባትን አክብዶታል፤ በ2016 ደግሞ በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ማስገባት ጭራሹን ተከለከለ። አገር ውስጥ ያለው ሁሉ ተወደደ። ደላላው የጠራልን ገንዘብ አባባ በዕድሜው በአንድ ላይ ይዞት የማያውቀው ነበር።

መጀመሪያ የመጣው ገዢ ትሑት ሰው ነው፤ የእንግዳ ማረፊያ አለው። በሩ ላይ ሊያቆማት፣ ውስጧን አበባ ሊተክልበት አስቧል። «ሞተሩን ለመካኒካችሁ ስጡት፣ እኔ አያስፈልገኝም» አለኝ። ክፉ አልተናገረም፤ እኔ ግን የዚያን ቀን እራት አልበላልኝም።

ያችን ሞተር አውቃታለሁ። ክረምት ሲገባ ደሴ አያታችን ዘንድ ስንሄድ ከኋላ መቀመጫ ጀርባ ስትጮህ ነው ያደግነው። ጣርማ በር ዳገት ላይ የጭነት መኪኖች ኮፈናቸውን ከፍተው ይቆማሉ፤ ረዳቶቹ ውሃ ፍለጋ ጀሪካን ይዘው ይሯሯጣሉ። አባባ በሁለተኛ ማርሽ እያዘገመ በአጠገባቸው ያልፍና «የኛዋ ውሃ አትጠጣም» ይለናል። እውነቱን ነው፤ ቮልስ ራዲያተር የላትም፣ ሞተሯን የሚያቀዘቅዘው ነፋስ ነው። ከፍታው ግን ጉልበቷን ይቀንሰዋል። አየሩ ሲሳሳ ካርቡራተሩ ቤንዚን ያበዛል፣ ጭሱ ይጠቁራል። አባባ ይህን ሁሉ ያስረዳን ነበር፤ ሳይነግረን የሚያልፈው ድምፅ አልነበረም። እናታችን «እስቲ መንገዱን እይ!» እስክትለው ድረስ።

ከመሸጥ በፊት ትታይ ብዬ ለዘመናት ወደያዛት መካኒክ ወሰድኳት። ጎትተን ነው የወሰድናት። አባባ ከታመመ ጀምሮ ግቢ ውስጥ ቆማ ከርማለች። ሽማግሌው የኋላ መቀመጫውን አነሣና «ና እስቲ ልጄ፣ ይኼን እይ» አለኝ። የቮልስ ባትሪ የሚቀመጠው እዚያ ነው፤ አሲዱ እየፈሰሰ ወለሉን በልቶታል፤ መሬቱ ይታያል። የቆየው ቤንዚን ካርቡራተሩ ውስጥ ሙጫ ሆኗል፣ የፍሬኑ ጎማዎች ደርቀው ተሰነጣጥቀዋል። «መንገድ አይደለም የጎዳት፣ ቆማ ነው» አለኝ።

እኔን ያስወሰነኝ ይህ ነው። እስከዚያ ቀን ድረስ ጥያቄው «እንሽጣት ወይስ እናስቀምጣት» ይመስለኝ ነበር። ማስቀመጥ ማለት በሸራ ሸፍኖ ማበስበስ ከሆነ፣ የሚነዳት ሰው ገዝቷት ቢሄድ ለአባባም የተሻለ ክብር ነው። የሚነዳ ወራሽ የሌለው ሰው ቢሸጥ ትክክል ነው፤ ዛሬም እንዲህ አምናለሁ። ስለዚህ መካኒኩን የጠየቅሁት ዕቃ ይገኝላት እንደሆነ ነው። ሳቀብኝ። ቮልስ ከ21 ሚሊዮን በላይ ተሠርታለች፤ ጀርመን ካቆመ በኋላም ሜክሲኮ እስከ ፈረንጆቹ 2003 ድረስ ስትሠራት ነበር። ሶማሌ ተራ የጠፋው እንኳ ጠይቆ ለሚታገሥ ይገኛል።

ወለሉ በአዲስ ላሜራ ከተበየደ፣ ፍሬኑ ከተቀየረ በኋላ እህቴን ጠርቼ ቁልፉን ሰጠኋት። መንዳት የተማረችው በዚህችው መኪና ነው፤ ጃንሜዳ አጠገብ አባባ አጠገቧ ተቀምጦ። ሰፈሩን ዞራ መጣችና ሞተሩን ሳታጠፋ «ፍሪሲዮኑ ከላይ ነው የሚይዘው፤ አባባ እንዲህ አይተወውም ነበር» አለች። ከዚያ ትንሽ ዝም ብላ ጠየቀችኝ፤

«ካልሸጥናት ማን ይነዳታል?»

«እኔ። በየቀኑ፣ ሥራ ቦታ ድረስ።»

ድርሻዋን በየወሩ ከደመወዜ እንድከፍላት ተስማማን፤ የወንድማችን ድርሻ በራሱ ፈቃድ ለወለሉና ለፍሬኑ ዋለ። ስሙን ለማዛወር ቀጠሮ ስንይዝ ግን እህቴ ፍሪሲዮኑ ሳይስተካከል እንደማትፈርም አስታወቀች፤ ከዚያ ቀጥታ ጋራዥ ሄድን።