ድሬ ላይ ያየሁት ብረትና የእጅ ነገር

ድሬዳዋ ደርሶ የመጣ ሰው ስለ ሙቀቱ፣ ስለ ከዚራ ዛፎችና ስለ ታይዋን ገበያ ያወጋችኋል። እኔ ግን ዛሬ የማወጋችሁ ስለ እጅ ነው። ከባድ ብረት ከመሬት ስናነሳ እጃችን እንዴት ይያዘው? ጥያቄዋ ቀላል ትመስላለች። እኔን ግን አንድ ክንድ አስከፍላኛለች!

በ2015 ዓ.ም. ሚያዝያ ላይ የዘመድ ሠርግ ነበረብኝ። የደንገጎን ጠመዝማዛ ቁልቁለት ጨርሰን ሜዳው ላይ ስንወርድ ሙቀቱ በመስኮት ገብቶ አቀፈን። ድሬ የባቡር ልጅ ናት፤ በ1895 ዓ.ም. ሐዲዱ ደርሶ ነው ከተማ የሆነችው። ብረት መውደዷም ለዚህ ይሆን እንዴ? በሠርጉ ማግስት የዘመዴ ልጅ ‹‹ና ጂማችንን እይ›› ብሎ ገንደ ቆሬ ወደሚገኝ አንድ ግቢ ወሰደኝ።

ጂም ሲባል መስታወትና ምንጣፍ እንዳትጠብቁ። አንድ የኒም ዛፍ፣ ግማሽ የቆርቆሮ ጣሪያ፣ ከሥሩ አሸዋ። ክብደቶቹ ከአሮጌ ከባድ መኪና የወጡ ብረቶችና ሲሚንቶ የተሞሉ የቀለም ጣሳዎች ናቸው። እያንዳንዱ በገበያ ሚዛን ተመዝኖ ኪሎው በነጭ ቀለም ተጽፎበታል። ባሩ ደግሞ ቶርኖ ቤት የተሠራ ድፍን ብረት ነው። ጨበጥ አድርጌ አየሁት። የውድድር ባር ውፍረቱ 28 ወይም 29 ሚሊ ሜትር ነው፤ እጅ የሚይዝበት ሻካራ ጥርስም አለው። ይሄኛው ግን ወፍራምም ልሙጥም ነው። በዚያ ላይ የድሬን ላብ ጨምሩበት!

ሃያ ሁለት ዓመት የሚሆነው አንድ ወጠምሻ 140 ኪሎ ጭኖ ቆሟል። ዴድሊፍት ሊሠራ ነው፤ ብረቱን ከመሬት አንስቶ ቀጥ ብሎ መቆም ማለት ነው። መዳፉን አሸዋ አሸት አደረገና ጎንበስ አለ። የቀኝ መዳፉን ወደ ራሱ፣ የግራውን ወደ ፊት አዙሮ ጨበጠ። ከዚያ የግራ ክርኑን አጠፍ አድርጎ ሊመነጭቀው ሲዘጋጅ ልቤ ቀጥ አለች።

‹‹ቁም!›› አልኩ ሳላስበው።

‹‹አቦ ምን ሆንክ?›› አለኝ። ድሬ ላይ ታላቅም ታናሽም ‹‹አንተ›› ነው፤ ቅር አላለኝም።

እጅጌዬን ሰብስቤ የግራ ክንዴን አሳየሁት። በ2011 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ ልክ እንደሱ ይዤ፣ ልክ እንደሱ ክርኔን አጥፌ መነጨቅኩ። ‹‹ጧ!›› የሚል ድምፅ ሰማሁ። የክንድ ጡንቻን ከክርን በታች ካለው አጥንት የሚያያይዘው ጅማት ተበጥሶ ጡንቻዬ ወደ ላይ ተሰበሰበ። ‹‹ወለምታ ነው፣ በመታሸት ይለቃል›› ብዬ ሁለት ወር ተኛሁበት። ሐኪም ጋ ስደርስ ረፍዷል። ይኸው እስከ ዛሬ ቁልፍ ወይም ካቻቢቴ ስጠመዝዝ እጄ ይከዳኛል።

ውድ አንባቢዬ፣ በመዳፍ ማፈራረቅ የሚያነሳ ሁሉ ይጎዳል አላልኩም። ብዙ ሰው በሰላም ያነሳበታል። አንዱ መዳፍ ወዲህ፣ ሌላው ወዲያ ሲሆን ብረቱ ከጣት ተንከባልሎ አያመልጥም፤ ጥቅሙ ይሄ ነው። ጉዳቱ ግን ወደ ፊት በዞረው ክንድ ጅማት ላይ ጫናው መክበዱ ነው። ክርን ከታጠፈማ አለቀ! ስለዚህ ክርን እንደ ገመድ ቀጥ ይበል፤ ብረቱም አይመንጨቅ፣ ቀስ ተብሎ ይወጠርና በእግር ይገፋ። እጅንም ማለዋወጥ ነው፤ አንዴ ግራ፣ አንዴ ቀኝ።

ሁለተኛው መንገድ ሁለቱንም መዳፍ ወደ ራስ አዙሮ መያዝ ነው። ለክንድ ይሄ ይሻላል፤ ጭብጥንም ያጠነክራል። ክብደቱ ሲጨምር ግን ቀድሞ የሚከዳው ጣት ነው። ሦስተኛው የክብደት አንሺዎች አያያዝ ነው፤ አውራ ጣትን ብረቱ ላይ ጠምጥሞ በሌሎቹ ጣቶች ከላይ መቆለፍ። አጥብቆ ይይዛል፣ አውራ ጣትን ግን ያሳምማል። ወፍራም ባር ላይ ደግሞ አይመችም።

አራተኛው ማሰሪያ ነው። ይሄን ስናገር ልጁ ሳቀ። ‹‹ማሰሪያ የሰነፍ ነው!›› አለ። ‹‹እንዴ?›› አልኩት፤ ‹‹እንግሊዛዊው ኤዲ ሆል በ2016 እ.ኤ.አ. ሊድስ ላይ 500 ኪሎ ሲያነሳ እጁ በማሰሪያ ነበር። ሰነፍ ነው?›› እርግጥ በፓወርሊፍቲንግ ውድድር ማሰሪያ ክልክል ነው። ‹‹ልትወዳደር ነው?›› ስለው ራሱን ነቀነቀ።

እስካሁን ዝም ብለው ያዳምጡ የነበሩት ሽማግሌው አሰልጣኝ ጣልቃ ገቡ። ‹‹ይሄ ልጅ ቀን ታይዋን ገበያ ዕቃ ያወርዳል። እናቱንም የሚያበላው በዚሁ ክንድ ነው። ቢበጠስ ማን ይሸከምልሃል፣ አቦ?›› አሉት። ልጁ መሬት መሬት አየ።

አሰልጣኙ ከአሮጌ መኪና የደህንነት ቀበቶ የተቆረጡ ሁለት ማሰሪያዎች አመጡ። ልጁ እስከ 100 ኪሎ በባዶ እጁ፣ ሁለቱን መዳፍ ወደ ራሱ አድርጎ አነሳ። ከዚያ ማሰሪያውን ጠመጠመና 140ውን ያዘ። ክርኑ ቀጥ፣ ጀርባው ቀጥ... ወጣ! ግቢው በጭብጨባ ቀወጠው። እኔም ሳላስበው የግራ ክንዴን እያሻሸሁ ነበር።

ስንለያይ የነገርኩትን ለእናንተም ልድገም። ለላብ አሸዋ አይበጅም፤ ስፖርተኞች የሚጠቀሙበት ነጭ ዱቄት ማግኒዥየም ካርቦኔት ነው፣ የጥቁር ሰሌዳ ጠመኔም አይተካውም። ጓንት ብረቱን ያወፍርባችኋል። ብረቱን ከመዳፍ መሃል ሳይሆን ከጣቶች ሥር ያዙት፣ ቆዳ እንዳይላጥ። ካመለጣችሁ ልቀቁት፣ አትቅለቡት። ክርን አካባቢ ‹‹ጧ›› ካለ ደግሞ ወጌሻም ቅባትም ሳትሉ በዚያው ቀን ሐኪም ጋ ሂዱ። ብረት ወድቆ ይነሳል፤ ጅማት ግን ቀን አይሰጥም።

ቸር ይግጠመን!