የእናቴ ቤት ከወረቀት

አንባቢ ሆይ፤ ከወረቀት ቤት መሥራት የሕፃናት ጨዋታ ነው ብለው ይኸን ገጽ አልፈው ሊሄዱ ከሆነ፥ ጥቂት ይታገሡኝ። እኔም ቀድሞ እንደዚሁ አስብ ነበር። ዛሬ ግን በእናቴ መደርደሪያ ላይ ከወረቀት የተሠራች አንዲት ትንሽ ቤት ተቀምጣለች። እርስዋን ለመሥራት ሁለት ጊዜ ሞክሬአለሁ፤ በፊተኛው አፍሬ፥ በኋለኛው ተሳክቶልኛል። ልዩነቱም የመሣሪያ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። የተወለድሁበት ቤት መንገድ ሲሰፋ ፈረሰ፤ የቀረን አንድ ፎቶግራፍ ብቻ ነው። እናቴ በዕድሜ ምክንያት መርሳት ጀምራ ነበርና፥ አንድ ቀን «ልጄ፥ የጓዳችን በር በየት በኩል ነበር?» ብላ ጠየቀችኝ። ፎቶግራፉ የሚያሳየው የቤቱን ፊት ብቻ ስለ ሆነ መልስ አልሆናትም። ስለዚህ ጣራው የሚነሣ፥ በእጅዋ የምትዳስሰው ቤት ልሠራላት ቆረጥሁ።

በአንድ እሑድ የጽሕፈት ወረቀት፥ ያገለገለ የጢም ምላጭ፥ የፕላስቲክ ማስመሪያና የዱቄት ሙጫ ይዤ ተቀመጥሁ። ምላጩ ወረቀቱን ከመቁረጥ ይልቅ ቀደደው፤ ማስመሪያውን ፋቀው፤ በመጨረሻም ጣቴን አገኘው። ሙጫው ግድግዳውን አርሶ አጣመመው። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንደሚባለው፥ ማታ ሁሉንም ሰብስቤ ጣልሁት።

እንግዲህ እርስዎ ገና ሲጀምሩ ይኸ እንዳይደርስብዎ የተማርሁትን ልንገርዎ።

አስቀድሞ ወረቀቱን ይምረጡ። በየመሥሪያ ቤቱ የምናየው የማተሚያ ወረቀት በካሬ ሜትር 80 ግራም ያህል ስለሚመዝን ለግድግዳ ይልፈሰፈሳል። ከ160 እስከ 200 ግራም የሚሆነው ይሻላል። ወረቀትም እንደ እንጨት ጭረት አለው፤ በአንድ በኩል በቀላሉ ይታጠፋል፥ በሌላው በኩል እምቢ ይላል። ሳይቆርጡ በፊት በሁለቱም በኩል ቀስ አድርገው እያጎነበሱ ይፈትኑት፤ ረጅሙን እጥፋት በሚታዘዝልዎ በኩል ያድርጉት።

ቀጥሎ ካተር የሚባለውን ባለ እጀታ ስለት ይግዙ። ደነዝ ስለት ከስል ስለት ይልቅ አደገኛ ነው፤ ኃይል ስለሚያስጨምር ሲስት ወደ ጣት ይሄዳል። ስለዚህ ጫፉ ሲደነዝዝ በፒንሳ ይዘው ይስበሩት፥ ስባሪውንም በቆርቆሮ ውስጥ ያጠራቅሙ። ወረቀቱን በአንድ ጊዜ ለመቁረጥ አይታገሉ፤ በቀላል እጅ ሁለት ሦስት ጊዜ ይመላለሱበት። ማስመሪያው የብረት ይሁን፤ ከሥር ወፍራም ካርቶን ያንጥፉ። መቀስ ለክብ ነገር ነው፤ ያን ጊዜም መቀሱን ሳይሆን ወረቀቱን ያዙሩ።

ሦስተኛው መሣሪያ ማጠፊያ ነው። ወረቀት መሥመር ሳይበጅለት ቢታጠፍ ጠርዙ ይጎረብጣል። እኔ እናቴ ሰፌድ ትሰፋበት የነበረውን ጫፉ የዶለዶመ ወስፌ ወሰድሁ፤ ቀለሙ ያለቀ እስክሪብቶም ይሆናል። በማስመሪያው ጥግ ወረቀቱ ሳይቀደድ ጠበቅ አድርገው ይስመሩና ያጥፉ፤ እጥፋቱ እንደ ሳጥን ጥግ ቀጥ ይላል።

ለማጣበቂያ ነጩ የእንጨት ኮላ ይበቃል። ከጠርሙሱ አያፍስሱት፤ በስንጥር ጫፍ እየነኩ በስሱ ይቀቡት፤ ወረቀትን የሚያጣምመው የበዛ እርጥበት ነውና። በጣት የማይያዘውን ትንሽ ክፍል በወረንጦ ይያዙ፤ እስኪደርቅም በልብስ መቆንጠጫ ያቆዩት። በተቆረጠው ጠርዝ ላይ የሚታየውን ነጭ መሥመር ከግድግዳው ቀለም ጋር በሚመሳሰል እርሳስ ያጥፉት።

የሚቀረው ልክ ነው። ቤታችን ርዝመቱ 8 ሜትር፥ ወርዱ 5 ሜትር፥ የግድግዳው ቁመት 3 ሜትር ያህል ነበር። 1 ለ50 በሆነ ልኬት ሲቀነስ 16፥ 10ና 6 ሳንቲሜትር ሆነ። ከቤት በፊት መለማመድ ቢፈልጉ፥ በ1997 ዓ.ም. ከሮም የተመለሰውን የአክሱም ሐውልት ይሞክሩ፤ ቁመቱ 24 ሜትር ያህል ስለ ሆነ 1 ለ100 ሲሠራ 24 ሳንቲሜትር ብቻ ነው፤ እጥፋቱም ቀጥታ ስለ ሆነ እጅን ያስለምዳል።

ሁለተኛዋን ቤት በአራት እሑድ ጨርሼ ለእናቴ ወሰድሁላት። ጣራውን አነሣችና ብዙ ጊዜ ዝም ብላ ተመለከተች። ቀጥሎም ጣትዋን በጓዳው ግድግዳ ላይ አሳርፋ፥ «ተሳስተሃል፤ በሩ በዚህ በኩል ነበር፤ ምጣዱ ከጀርባው፥ ገንቦው ከጎኑ» አለችኝ። የረሳሁትስ እኔው ኖሬአለሁ! በዚያው ሰዓት ካተሬን አውጥቼ ግድግዳውን ፈታሁት፤ እርስዋ እያመለከተችኝ በሩን እንደገና ቆረጥሁ።

ስለዚህ፥ አንባቢ ሆይ፤ ወረቀት ሲገዙ ለአንድ ግድግዳ የሚሆን ትርፍ መግዛትዎን አይርሱ።