«አፍንጫውን ያዝልኝ!»

ዛሬ ስለ ፖለቲካ አልጽፍም። ስለ ኳስም አልጽፍም። የዛሬው ጽሑፌ ስለ አፍንጫ ነው። (ቆይ፣ ቶሎ አትሳቁ! ነገሩ ወደ መሃል ላይ አያስቅም።)

እኛ ቤት ለአንድ ሰው አራት ሰው የሚያስፈልግባቸው ሥራዎች ሁለት ነበሩ። አንደኛው ቃሬዛ መሸከም፣ ሁለተኛው ሕፃን ልጅን መድኃኒት ማጠጣት። ቤታችን ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ በሚወስደው መንገድ፣ ከአስፋልቱ ወደ ቆላው ወረድ ብሎ ነው። አካባቢው በቆሎ፣ በርበሬና ወባ በደንብ ያፈራል። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ወደ ገበያ ይሄዳሉ፤ ሦስተኛዋ ቤት ትቀራለች።

ክረምቱ ወጥቶ ውሃ ያቆረው ጉድጓድ ሁሉ ቢምቢ ማፍላት ሲጀምር፣ ከቤታችን ልጆች አንዱ መንቀጥቀጡ አይቀርም ነበር። ያኔ ጦሩ ይሰለፋል። አባቴ እግር ይይዛል። አጎቴ እጅ ይይዛል። እናቴ ማንኪያውን ትይዛለች። አያቴ የጦሩ አዛዥ ናት፤ የበሽተኛውን ጭንቅላት ጉልበቷ ላይ አጋድማ አፍንጫውን ትይዛለች።

አፍንጫ ለምን እንደሚያዝ ለማታውቁ የከተማ ልጆች ላስረዳ። አፍንጫው የተያዘ ልጅ የግዱን በአፉ ይተነፍሳል። ሊተነፍስ አፉን ሲከፍት ማንኪያው ይገባል። እስኪውጥ ድረስ አይለቀቅም። ይሄ በአማርኛችን «መጠጣት» አይባልም፤ «መጋት» ነው የሚባለው። የሚጠጣ ሰው ራሱ ይጠጣል፤ የሚጋት ሰው ግን ሌላ ሰው ያደርግበታል። ልዩነቷ ትንሽ ትመስላለች፤ እኔ ግን ዛሬ የምጽፈው ስለዚችው ልዩነት ነው።

እኔ የተጋትኩት በ1988 ዓ.ም. ነው። የአምስት ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ መድኃኒቱ ክሎሮኪን ነበር። ነጩ ፍሬ በሁለት ማንኪያ መሃል ይደቆሳል፣ ጠብታ ውሃ ይደረግበታል፣ ከዚያ ጦሩ ይመጣል። የክሎሮኪንን ምሬት የቀመሰ ያውቀዋል። ሲዋጥ አያልፍም፤ ጉሮሮ ላይ ያድራል። ሌሊት ደግሞ መላ ገላዬን ይበላኝ ነበር። ማሳከኩ የራሱ የክሎሮኪን ጠባይ እንደሆነ ያወቅሁት ካደግሁ በኋላ ነው። ያኔ አያቴ «አይዞህ፣ በሽታው እየወጣልህ ነው» ትለኝ ነበር፤ እኔም እያከክሁ አምናት ነበር።

ክኒን የምንለው ቃል እንኳ የመጣው ኩዊኒን ከሚባለው መራራ የወባ መድኃኒት ነው። እንግዲህ እኛ ቋንቋ ውስጥ መድኃኒት ገና ስሙ ሲጠራ ይመራል ማለት ነው!

የአያቴ ፍልስፍናም ከዚሁ የተቀዳ ነበር፤ «ካልመረረ አይሽርም»። መከራከሪያዋ ኮሶ ነው። «እኛ ኮሶ ጠጥተን ነው ያደግን፤ እናንተ በማንኪያ ክኒን ታለቅሳላችሁ!» ትለናለች። ኮሶ እንደምታውቁት የዛፉ የሴቴዋ አበባ ደርቆ ተፈጭቶ በባዶ ሆድ የሚጠጣ የኮሶ ትል ማስወጫ ነው። ምሬቱ ከመድኃኒትነቱ በላይ ዝነኛ ከመሆኑ የተነሳ እስከ ዛሬ ኑሮ የከበደው ሰው ሁሉ «እንደ ኮሶ መረረኝ» ይላል። መጠኑ ሲበዛ ደግሞ የዓይን ብርሃን እስከ ማጥፋት የሚደርስ ጉዳት አለው። መራራ ሁሉ መልካም አይደለም።

ግን እስቲ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። አያቴ ስለ ኮሶ ስታወራ፣ የአያቴን አባት አፍንጫ ማን ያዘ? ማንም! ትልቅ ሰው ኮሶ የሚጠጣው ቀን ቆርጦ፣ ከሥራ ቀርቶ፣ ጽዋውን በገዛ እጁ ጨብጦ ነው። እየተንገሸገሸ ቢጠጣ «አይ ጀግና» ይባላል። ሳይጠጣ ቢውል ሌላ ቀን ይጠጣል። የአምስት ዓመት ልጅ ሲንገሸገሽ ግን እልኸኛ፣ አመለኛ፣ «አባቱን ነው የወጣ» ይባላል።

የልጅ ምላስ ደግሞ ከእኛ ይልቅ ለመራራ ነገር የነቃ ነው። ይሄን የምለው ልጆችን ለማቆላመጥ አይደለም። ብዙዎቹ የዕፅዋት መርዞች መራራ ናቸው፤ ስለዚህ ሰውነታችን መራራን እንዲተፋ ሆኖ ነው የተሠራው። ምን እንደሚበላ ገና ያላወቀ ሕፃን መራራ ሲተፋ ምላሱ ሥራውን እየሠራ ነው። እኛ ነን «ይሄኛው መራራ ያድናል» ብለን ማስረዳት ያለብን። ማስረዳቱ ሲደክመን አፍንጫ እንይዛለን።

ወደ ነገሬ ልግባ። በ2011 ዓ.ም. የመስቀል ሰሞን ቤተሰብ ልጠይቅ ወረድኩ። የእህቴ ልጅ (ለዚህ ጽሑፍ ማሙሽ እንበለው) የሦስት ዓመት ልጅ ነው። እኔ በደረስኩ ማግስት ትኩሳቱ ተነሳ። እህቴ ሳትውል ሳታድር ጤና ኬላ ወሰደችው። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ጣቱን ወግታ መረመረችውና ወባ መሆኑን ነገረቻት። መድኃኒቱንም ሰጠቻት፤ ጠዋትና ማታ አንድ አንድ ፍሬ፣ ለሦስት ቀን፣ በድምሩ ስድስት ፍሬ። የመጀመሪያው ቀን ሁለተኛዋ ከስምንት ሰዓት በኋላ።

የእኔ ዘመን ክሎሮኪን ለገዳዩ ወባ መታከሚያነቱ ከተሻረ ቆይቶ ነበር። ፋልሲፓረም የሚባለው ገዳዩ ወባ ተላምዶት ስለነበር ሀገራችን መጀመሪያ ወደ ፋንሲዳር፣ ቀጥሎም እ.ኤ.አ. በ2004 ወደ ኮአርተም ዞራለች። ማሙሽ የተሰጠው ደግሞ በውሃ የሚሟሟው፣ ለልጆች ተብሎ ቼሪ ቼሪ እንዲል የተደረገው ዓይነት ነው። እሱ በዓለም ገበያ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2009 ነው። ቼሪ ምን እንደሆነ እኛ ሰፈር ማንም አያውቅም፤ እኔም ራሴ በሥዕል ነው የማውቃት። ብቻ ጣፋጭ ናት አሉ።

ቤት ስንደርስ ጦሩ ተሰልፎ ጠበቀን። አባቴ ስላረጀ እግር የመያዙ ሥራ ለአማቻችን ተላልፏል። አጎቴ እጅ ላይ እንደነበረ ነው። እህቴ ማንኪያ ያዘች። አያቴ ግን ጣቷ በቁርጥማት ስለታሰረ አዲስ ሹመት ሰጠች። ወደ እኔ ዞራ፦

«አንተ የተማርህ፣ ና እስቲ አፍንጫውን ያዝልኝ!»

ያዝኩ። ምን ላድርግ? አያቴ ናት። ማሙሽ ጠመዝማዛ ማንኪያዋን ገና ሲያያት ጮኸ፤ ቀደም ሲል ለሌላ ሕመም ሌላ መራራ ነገር «ከረሜላ ነው» ብለው ግተውት ኖሯል። ጩኸቱ ሲበረታ ዓይኑ ዓይኔ ላይ አረፈ። የሚያለቅሰው በንዴት መስሎኝ ነበር። አልነበረም፤ ትንፋሽ አጥቶ ነው። ትንፋሹን የያዝኩት ደግሞ እኔ ነኝ።

ለቀቅሁ።

የለቀቅሁት ደግ ስለሆንኩ እንዳይመስላችሁ። ያነበብኩት ነገር ትዝ ብሎኝ ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 እዚሁ ኢትዮጵያ ውስጥ፣ በአንድ የሆድ ትላትል መድኃኒት ዕደላ ዘመቻ ላይ፣ ዕድሜያቸው ከሦስት ዓመት በታች የሆኑ አራት ሕፃናት ሞተዋል። መድኃኒቱ አልመረዛቸውም። አልቤንዳዞል በሚሊዮን የሚቆጠሩ ልጆች የሚወስዱት መድኃኒት ነው። የሞቱት ፍሬው ትንታ ሆኖ አንቋቸው ነው። ከዚያ በኋላ የዓለም ጤና ድርጅት ለትንንሽ ልጆች ፍሬው ተሰባብሮ ወይም ተደቁሶ እንዲሰጥ፣ ልጅም በግድ እንዳይውጥ አጥብቆ መከረ።

ነገሩን ስታስቡት ግልጽ ነው። የሚያለቅስ ልጅ አየር የሚስበው በአፉ ነው። አፍንጫው ሲያዝ ደግሞ ሌላ መንገድ የለውም። አፉ ውስጥ ያለው ነገር ከትንፋሹ ጋር ወደ ሳንባው መንገድ ሊገባ ይችላል። እኛ «እንዲውጥ ነው» ያልነው ዘዴ እንዲያንቀውም የተመቸ ነው። እነዚያ አራት እናቶች ልጆቻቸውን ይዘው የሄዱት ሊያድኗቸው ነበር።

ይሄን ለጦሩ ተናገርኩ። አጎቴ እጁን አነሳ። አያቴ ግን «እናንተን ሁሉ ግቼ ነው ያሳደግሁ! ማን ሞተ?» አለች። እውነቷን ነው፤ ከእኛ ማንም አልሞተም። የዳነ ሰው ነዋ «እኔን ምን ነካኝ» ብሎ የሚናገረው። ያልዳነው አይናገርም። ይሄን ግን አላልኳትም፤ አንገቴን ደፋሁ።

ከዚያ ድርድር ተጀመረ። ማሙሽን ቁጭ አደረግነው። የአያቱን የቡና ሲኒ ሰጠነው። ሁለት የሻይ ማንኪያ ያህል ፈልቶ የበረደ ውሃ ራሱ አንቆረቆረ፤ ፍሬዋንም ራሱ ጣላት። ስትሟሟ አጎንብሶ አየ። እህቴ «ከረሜላ ነው» ልትል አፏን ስትከፍት በዓይኔ ከለከልኳት። «መድኃኒት ነው፤ ወባዋን የሚያባርር። ትንሽ ታስጠላ ይሆናል። ከዚያ ወተት አለ» አልነው። «ማን ይያዘኝ?» ብሎ ጠየቀ። እውነት ነው የምላችሁ፣ «ማን ይያዘኝ» ነው ያለው። መድኃኒት የሚባል ነገር ሳይያዙ የሚጠጣ አልመሰለውም።

«ማንም» አልነው።

ግማሽ ሰዓት ፈጀብን። ቡናው በረደ። አያቴ ሁለት ጊዜ ተነስታ ሄደች፤ ሁለት ጊዜ ተመለሰች። በመጨረሻ ሲኒዋን አነሳ፣ ምላሱን ነከረ፣ ፊቱን ሊያጨማድድ ተዘጋጀ… ፊቱ ግን ሳይጨማደድ ቀረ። ጠጣው። ከዚያ ሲኒዋን ገልብጦ አያት። አያቴ ጥርጣሬ ገብቷት የቀረውን ጠብታ በጣቷ ነክታ ቀመሰች።

«እንዴ! ይሄማ ስኳር ነው! ይሄ ነው ወባን የሚያሽር?»

መድኃኒቱ ከጣፈጠ ዓመታት አልፈውታል። እኛ ግን አፍንጫ እየያዝን ስለምንግተው ቀምሶት የሚያውቅ አልነበረም። ማሙሽ ያለቀሰው ለምሬቱ አልነበረም፤ የመረረው የእኛ እጅ ነው። ከዚያም በፊት «ከረሜላ ነው» ያልነው ውሸት።

ሁሉም በዚህ አለቀ ብላችሁ አትጠብቁ። ማታ እንደገና እምቢ አለ። በማግስቱ ጠዋት ጠጥቶ ወዲያው አስመለሰው፤ እህቴ ወደ ጤና ኬላው ተመልሳ ምትክ ተቀበለች። በሦስተኛው ቀን ግን ሲኒዋን ራሱ አምጥቶ «መድኃኒቴን» አለ። ስድስቱም አለቁ። ትኩሳቱ ቀደም ብሎ በሁለተኛው ቀን ለቆት ስለነበር አማቻችን «ድኗል፣ የቀረውን ለሌላ ጊዜ እናስቀምጥ» ብሎ ነበር። እንኳን አልሰማነው! ትኩሳት ወረደ ማለት ጥገኛው አለቀ ማለት አይደለም።

ወላጅ ለሆናችሁ (እኔ ገና ነኝ) ከዚያ ወዲህ ጠይቄ የያዝኳትን ላካፍላችሁ። ልጁ ቀና ብሎ ይቀመጥ፤ በጀርባው አይጋደም። ሽሮፕ ከሆነ በመርፌ አልባ ስሪንጅ ወደ ጉንጩ በኩል ጥቂት በጥቂት ይንጠባጠብለት፤ ቀጥታ ወደ ጉሮሮው አይረጭ። ክኒን ከመደቆሳችሁ በፊት ባለሙያ ጠይቁ፤ መደቆስ የሌለበት አለ። ኮአርተም ከወተት ወይም ቅባት ካለው ምግብ ጋር ሲሆን ሰውነት የበለጠ ይወስደዋል። ጎጃም የማር ሀገር ነውና ምሬቱን በማር ማባበል ያምራል፤ ነገር ግን ዓመት ላልሞላው ሕፃን ማር አይሰጥም፣ ሊመርዘው ይችላል። ከሁሉም በላይ «ከረሜላ ነው» አትበሉ። የሚያምናችሁ ልጅ አንድ ቀን ብቻውን ሲሆን ከረሜላውን ፍለጋ ይሄዳል፤ እንደ ክሎሮኪን ያለ መድኃኒት ደግሞ አንድ ሁለት ፍሬው እንኳ ለሕፃን ሊገድል ይችላል።

ይሄን የማነሳው ወባ ስላለፈላት አይደለም። በፈረንጆቹ 2024፣ እስከ ኦክቶበር 20 ድረስ ብቻ፣ በሀገራችን ከ7.3 ሚሊዮን በላይ ሰው በወባ መታመሙና 1,157 ሰው መሞቱ ተመዝግቧል። በዚያ ቁጥር ውስጥ ስንት ማሙሾች፣ ስንት ማንኪያዎች፣ ስንት የተያዙ አፍንጫዎች እንዳሉ አስቡት። ልጁ መድኃኒቱን መውሰድ አለበት፤ በዚህ ድርድር የለም። ድርድሩ እንዴት ይውሰደው በሚለው ላይ ነው።

አያቴን ሳላነሳ ብጨርስ ትቀየመኛለች። ባለፈው ስልክ ስንደዋወል እህቴ ከሰሰቻት፤ የደም ግፊት ክኒን ታዞላት አልውጥ ብላለች አሉ። ስልኩን ተቀበለችኝና «ይመረኛል ልጄ፣ ጉሮሮዬ ላይ ይቀራል» አለችኝ።

«ልምጣና አፍንጫሽን ልያዝልሽ?» አልኳት።

ዝም አለች። ከዚያ ሳቋ ከቡሬ አዲስ አበባ ተሰማ።

«የለም፣ የለም! በሲኒ አድርጋችሁ ስጡኝ» አለች።

ቸር ይግጠመን!